ስልሳ ከየት መጣ

መብራት ሲጠፋ ሥራ ይቆማል፤ ወሬ ግን ይጀመራል። በዚያ ከሰዓት በኋላ፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ማሽኑ አንዲት ወረቀት በግማሽ እንደተፋ ቀጥ አለ። ባለሱቁ «አሁን ይመጣል» ብሎ ተራ የሚጠብቀውን ሁሉ አጽናንቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ ተሻገረ። ሰዉም አንድ ሁለት እያለ ተበተነና ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ። አንዱ የጡረታ መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላዋ ግማሽ ወረቀቷ በማሽኑ ውስጥ የቀረባት ወጣት መምህርት ናት።

ሽማግሌው ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት ከመንገዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው በቅጽል ስማቸው ነው፤ ጋሽ ስልሳ። ስሙን ተማሪዎች ያወጡላቸው ለአሽሙር ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ተቀብለውት ቁጭ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ለሒሳብ ፈተና ይቀመጣል። ስልሳና ከዚያ በላይ ያመጣ ረጅሙን መስመር ይይዛል፤ ዘጠነኛ ላይ አልጀብራ፣ አስረኛ ላይ ጂኦሜትሪ፣ አስራ አንደኛ ላይ ሁለተኛው አልጀብራ ከትሪጎኖሜትሪ ጋር፣ አስራ ሁለተኛ ላይ ካልኩለስ። ከስልሳ በታች ያመጣ ደግሞ አጭሩን ይይዛል፤ ሁለት ዓመት የመቶኛና የልኬት ሒሳብ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ከሒሳብ ጋር ተሰነባበተ ማለት ነው። ከአጭሩ ወደ ረጅሙ መመለሻ የለም። ይህን ሥርዓት ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት የጻፉት ጋሽ ስልሳ ናቸው። በእጃቸው የጻፉት ሰንጠረዥ እስከ ዛሬ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ እሳቸውም እስከ ዛሬ የትምህርት ቤቱ ምክር ቤት አባል ናቸው።

ስለ ሰንጠረዡ በተነሳ ቁጥር ሽማግሌው ደረታቸውን ነፋ አድርገው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ «የገዛ ልጄ ሃምሳ ዘጠኝ ስታመጣ፣ በአጭሩ መስመር ሰድጃታለሁ!» ይህን የሰማ ሁሉ «አቤት ሐቀኝነት!» ይላል። እሳቸውም ይረካሉ። ቤታቸው ሲገቡ ግን እርካታው አብሯቸው አይገባም።

ልጃቸው ሚጡ ትንሽ ሳለች ቁጥር ካየች አታልፍም ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወረቀት ይዛ አባቷ ጉልበት ላይ ትወጣለች። አባትና ልጅ የደረጃውን፣ የአጥሩን ብረት፣ የአውቶቡሱን ታርጋ ሲቆጥሩና ሲያካፍሉ ራት ይቀዘቅዝ ነበር። ከዚያ ፈተና ወዲህ ግን ስለ ቁጥር አንዲት ቃል ተናግራቸው አታውቅም። ሃያ ዓመት! ዛሬ በመስታወት ቆራጭነት ትተዳደራለች። በየእሑዱ ትመጣለች፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ታመጣለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ «አዎ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትላለች፣ ትሄዳለች። ናፍቆት የራቀን ሰው መፈለግ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በየሳምንቱ አጠገቡ የምትቀመጥ ልጁን የሚናፍቅ አባት አላየም። ጋሽ ስልሳ ያቺን ባለ ወረቀቷን ልጅ ይናፍቋታል። «ቂም ይዛብኛለች» እያሉ ራሳቸውን አሳምነው ዝም ጭጭ ብለዋል።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው በጨለማው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ከማሽኑ የተንጠለጠለውን ግማሽ ወረቀት አጎንብሰው የሚያዩት።

«ይቅርታ አድርጊልኝና ልጄ፣ ይኼ የኔ ሰንጠረዥ ይመስላል።»

«የእርስዎ ነበረ ጋሼ» አለች መምህርቷ ብድግ ብላ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የተማረችውም ከእሳቸው ነው። «አሁን ግን ትንሽ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።»

«ነካ ነካ? ስልሳዋ የታለች?»

«አወጣኋት።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ለነገው ስብሰባ ነው?»

«አዎ ጋሼ። የትምህርት ቤቱ ምክር ቤት ነገ ጠዋት ይወስንበታል። እውነቱን ልንገርዎ፤ የቀሩት አባላት በሙሉ ‹ጋሽ... እሳቸው እሺ ካሉ እኛም እሺ› ብለዋል። ዛሬ ማታ ቤትዎ ልመጣ ነበር። መብራት አገናኘን።»

«እሺ አልልም» አሉ ጋሽ ስልሳ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ግን ጊዜ አለን፤ ንገሪኝ።»

ይህ የድሮ ሰዎች ጨዋነት ነው፤ መልሱን አስቀድሞ ነግሮ ክርክሩን ይሰማል። መምህርቷም ጠባዩን ስለምታውቅ አልከፋትም።

«ዘጠነኛ ላይ ሁሉም አልጀብራ ይማራል» ብላ ጀመረች። «የደከመው በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ይጨመርለታል እንጂ አይባረርም። እንዲያም ሆኖ ከወደቀ በእረፍቱ ወራት ስድስት ሳምንት መሻገሪያ ትምህርት ይወስድና አስረኛ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ጂኦሜትሪ ይጀምራል። አስራ አንደኛ ላይ ሁለተኛው አልጀብራ። መንገዱ የሚለያየው አስራ ሁለተኛ ሲደርሱ ነው። መሐንዲስነት ያማረው ካልኩለስ፣ ጤናና ንግድ ያማረው ስታትስቲክስ፣ የእጅ ሥራ የሚወደው የሙያ ሒሳብ ይመርጣል። ያኔ ልጁ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ የሚፈልገውን ያውቃል።»

«መጀመሪያ ነገር» አሉ ሽማግሌው ጣታቸውን አንስተው፣ ልክ ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ሰው፣ «ሒሳብ ቅደም ተከተል አለው። አልጀብራ ያልገባው ልጅ ካልኩለስ ላይ ምን ያደርጋል? ይንሳፈፋል?»

«ቅደም ተከተሉን መች ነካሁት ጋሼ! የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እንዳለ ነው ያስቀመጥኩት። የነካሁት በሩን ነው። በርዎ የሚከፈተው አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ያን ጠዋት ሆዱን የታመመ፣ እናቱ የሞተችበት፣ የደነገጠ ልጅ እድሜ ልኩን ውጭ ይቀራል።»

«ደካማውን ከጎበዙ ስትቀላቅዪውስ? ጎበዙ ቁጭ ብሎ ሊያዛጋ ነው?»

«ጎበዙ ለጎረቤቱ ሲያስረዳ የበለጠ ይገባዋል። እኔ ራሴ አልጀብራ የገባኝ ማስተማር ስጀምር ነው፤ አይንገሩብኝ እንጂ።»

ሽማግሌው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ዋጡት።

«ስሚ ልጄ። ሰዎች ጨካኝ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ያንን መስመር ያሰመርኩት አዝኜላቸው ነው። የማይችለውን ሒሳብ አራት ዓመት ሲታገል የሚኖር ልጅ ቅስሙ ይሰበራል። የሚችለውን ተምሮ ወደ ሥራው ይሂድ።»

«የማይችለው መሆኑን በምን አወቅን?»

«ከስልሳ በታች አመጣ!»

«ከስልሳ በታች ያመጣ ልጅ ረጅሙን መስመር ተምሮ ወድቆ ያውቃል?»

«እንዴት ይወድቃል፤ መች ገብቶ!»

«እኮ ጋሼ» አለች መምህርቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አልገባም፤ ስለዚህ አናውቅም።»

አንባቢ ሆይ፣ የተማረ ሰው ሲረታ ቶሎ አይታወቀውም፤ ሌላ መስኮት ይፈልጋል። ጋሽ ስልሳም መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። መምህርቷ ግን ጊዜ አልሰጠቻቸውም።

«የእረፍቱን ጊዜ በሙሉ መዝገብ ቤት አቧራ ስቅም ነው የከረምኩት። ከአስራ አራት ዓመት በፊት ጸሐፊዋ ስም ዝርዝሩን ስትገለብጥ አንዱን ገጽ አሳሳተችው። ከስልሳ በታች ያመጡ ሰባት ልጆች በስህተት ረጅሙ መስመር ውስጥ ገቡ። ማንም ልብ አላለም። ከሰባቱ ስድስቱ ካልኩለስ ጨርሰው ነው የወጡት።»

«ስድስት ልጅ ማስረጃ አይሆንም!» አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። «በሥርዓቱ ያለፉትን በመቶ የሚቆጠሩትን ለምን አትጠቅሺም? ራስሽን እዪ እስቲ! አንቺን ያፈራሽ ያ መስመር አይደለም? በየስብሰባው ‹የስልሳ ፍሬ ይህችን ትመስላለች› እያልኩ ስምሽን የማነሳው ለምን ይመስልሻል?»

መምህርቷ አንገቷን ደፋች። ጉንጮቿ ቀሉ።

«ሃምሳ አራት ነው ያመጣሁት ጋሼ» አለች። «ከሰባቱ አንዷ እኔ ነኝ። እኔም ያወቅሁት መዝገቡን ሳገላብጥ ነው። ባየሁት ቀን እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጸሐፊዋ ያን ቀን ባትሳሳት ኖሮ ዛሬ የት ነበርኩ እያልኩ።»

ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎና ልተውዎት» አለች መምህርቷ። «ስልሳ ከየት መጣ? ለምን ሃምሳ አልሆነም? ለምን ሰባ አልሆነም? ምክንያቱን በመዝገቡ ሁሉ ፈልጌ አጣሁት።»

ጋሽ ስልሳ ለዚህማ መልስ አላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለወላጅም ለተማሪም ሲመልሱ ኖረዋል፤ «ልምድና ጥናት ነው» ይላሉ። አሁንም ሊሉት ከንፈራቸውን አላቀቁ። ግን የጠየቀቻቸው የሒሳብ ሰው ናት፤ የሒሳብ ሰው ደግሞ ስሌቱን ይጠይቃል። ስሌቱን ለማሳየት ወደ ኋላ ሄዱ፤ የመጀመሪያውን ዓመት አስታወሱ። ያስታወሱት ነገር እንዴት እንደዚያ ተረስቶ እንደኖረ ለራሳቸውም ገረማቸው።

«ወንበር ነው» አሉ።

«አልሰማሁዎትም ጋሼ?»

«ወንበር። ያን ዓመት የተፈተኑት ሰባ ሁለት ልጆች ናቸው። ለረጅሙ መስመር የተሰጠን ክፍል አርባ ወንበር ነበረው፤ የቀረው እግሩ ተሰብሮ መጋዘን ተከምሯል። ርዕሰ መምህሩ ‹አርባ ልጅ ምረጥ› አሉኝ። ስም ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ጻፍኩ። አርባኛው ልጅ ያመጣው ስልሳ ነበር። ከሱ ሥር አሰመርኩ። ‹ስልሳ፣ ለአፍም ይመቻል› ተባባልን። ሌላ ጥናት የለም ልጄ። በዓመቱ አናጢ መጥቶ ወንበሩን ሁሉ ጠገነው። መስመሩን ግን ማናችንም አላነሳነውም።»

ሽማግሌው ገና አልጨረሱም፤ ማስታወስ ከተጀመረ የሚያቆመው የለም።

«የገዛ ልጄ የተፈተነች ዓመት ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ አንድ ወንበር ነበረ። የተቀመጡት አርባ ናቸው። አስራ አንድ ወንበር ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ዋለ። እኔ ነበርኩ የማስተምረው፤ በየቀኑ አየዋለሁ። አንዱን እንኳ ለልጄ አልሰጠኋትም።»

በዚህ መሐል መብራት መጣ። ማሽኑ አጉረመረመና የቀረውን ግማሽ ወረቀት ተፋው። ሽማግሌው አንስተው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሲጨርሱ እርሳስ ለመኗትና ከታች አንድ መስመር ጨመሩበት። መምህርቷ አንብባ አንገቷን ነቀነቀች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ፣ ሁሉም የጋሽ ስልሳን ቁጣ ጠብቆ ተዘጋጅቶ ነበር። እሳቸው ግን ተነስተው የወንበሩን ታሪክ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፤ ቀጥሎ ሳቁ ጠፋ። እዚያ ከተቀመጡት ወላጆች ሦስቱ የስልሳ ተጎጂዎች ነበሩና።

«ይህ አዲስ እቅድ ምን ይጠቅማል ብትሉ» አሉ ሽማግሌው፣ «አንደኛ፣ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ሰነፍ ነኝ ብሎ እንዳይደመድም ያደርጋል። አናጢ የሚሆነውም፣ ሐኪም የሚሆነውም አልጀብራን ቀምሶ ይወጣል፤ ቀምሶ የተወውና ተከልክሎ የቀረው አንድ አይደሉም። እኛ መምህራንም ከመደርደር ወደ ማስተማር እንመለሳለን። ለኔ ትልቁ ግን ከታች በእርሳስ የተጨመረው ነው፤ መሻገሪያው ትምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚህ በፊት በመስመሩ ለቀሩትም፣ ስንት ዓመት ቢሞላቸው፣ ክፍት ይሁን። አስተማሪ የለም እንዳትሉ፤ እኔ አለሁ። ደመወዝ አልጠይቅም።»

እቅዱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ታሪኩ ለምክር ቤቱ እዚህ ላይ አለቀ፤ ለጋሽ ስልሳ ግን ገና ነበር። ከስብሰባው ወጥተው ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ልጃቸው ወደምትሠራበት መስታወት ቤት ሄዱ። እዚያ በሠራችበት ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እግራቸው ረግጦት አያውቅም። ሲገቡ ሚጡ በሰፊው ጠረጴዛ ላይ ካርቶን ዘርግታ፣ በሚስማርና በሲባጎ ቅስት እየሳለች ነበር።

«አባዬ! ምን ሆንክ? አመመህ?»

«ደህና ነኝ፤ ቁጭ በይ። የምነግርሽ አለ።»

ነገሯት። አርባውን ወንበር ነገሯት፤ አስራ አንዱንም ነገሯት። ሚጡ ሲባጎውን በጣቷ እየጠቀለለች ሰማች።

«ስለዚህ ብትቀየሚኝ እውነት አለሽ» አሉ። «ሃያ ዓመት ስለ ቁጥር ያላወራሽኝ በቂም መሆኑን አውቃለሁ።»

«ቂም?» አለች ሚጡ ቀና ብላ። «አባዬ፣ እኔ እኮ አፍሬ ነው። የሒሳብ መምህር ልጅ ሆኜ ደደብ ወጣሁ ብዬ ነው። ስለ ቁጥር ባወራሁህ ቁጥር የማሳፍርህ እየመሰለኝ ነው ዝም ያልኩህ።»

ሁለቱም አንዱ ሌላውን እንዳያሳፍር፣ አንዱ ሌላውን እንዳያስቆጣ ሲጠነቀቁ ሃያ ዓመት አለፈ። ሽማግሌው አለቀሱ፤ ማልቀሳቸውንም አልደበቁም። ሚጡ የመስታወት መጥረጊያ ጨርቅ ሰጠቻቸው፤ ሽታው ሲሸታቸው «አይ፣ ይኼስ ዓይን ያጠፋል» ብለው መለሱላት። ሁለቱም ሳቁ።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አሉ ካርቶኑን እያዩ።

«አናቱ ቅስት የሆነ መስኮት ነው። ወርዱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቅስቱ ከመሐል የሚነሳው ሃያ። ሲባጎውን በስንት ሳንቲ ሜትር ልሰር የሚለው ነው የሚያስቸግረው። ሁልጊዜ በሙከራ ነው የማገኘው። ይኼኛው ሃምሳ ወጣልኝ፤ ግን ጠዋቱን ሙሉ ፈጀብኝ፣ ካርቶንም አበላሸሁ።»

ጋሽ ስልሳ እርሳስ አነሱ። «ርዝመቱን ስለማናውቀው አንድ ፊደል እንስጠው» አሉ። ባለ ቀጤ ማዕዘን ጎነ ሦስት ሳሉ፤ አንዱ ጎን የወርዱ ግማሽ፣ አርባ። ሌላው ጎን ያ ፊደል ሲቀነስ ሃያ። ረጅሙ ጎን ራሱ ፊደሉ። የጎኖቹን ካሬ ጻፉ፣ ደመሩ፣ አጣፉ። በአምስት መስመር ሃምሳ ወጣ።

ሚጡ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። በልቧ ሌላ መስኮት እየሞከረች እንደሆነ ከንፈሯ ያስታውቃል። ስሌቱ ሠራላት።

«ይኼን ስንተኛ ክፍል ነው የምታስተምሩት?»

«ጂኦሜትሪውን አስረኛ። አልጀብራውን ዘጠነኛ» አሉ።

ሚጡ ካርቶኑን በጣቷ ዳሰሰች። ያንን ሁሉ የተበላሸ ካርቶን እያሰበች ይሁን፣ ያቺን የአስራ አራት ዓመት ልጅ እያሰበች፣ ማወቅ አይቻልም። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ የነበረውን መስታወት በጥንቃቄ ወደ ዳር ገፋችና ንጹሕ ካርቶን አመጣች። ወንበሯን ከአባቷ ወንበር አጠገብ አስጠግታ ተቀመጠች።

«ከዚህስ ቀጥሎ ምንድነው?» አለች።

ጋሽ ስልሳ «ቅዳሜ» ሊሉ ነበር፤ ግን ሃያ ዓመት የጠበቀ ሰው ቅዳሜን እንዲጠብቅ ማድረግ አልሆነላቸውም። ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና መጻፍ ጀመሩ።